የእናቴ በር በእኔ ስልክ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለእህቴ ለኑሪያም። ዘመድ ሁሉ «ኔትወርኩ ነው ጉድ የሠራን» ሲል እኔም አብሬ ኔትወርኩን ስረግም ኖሬያለሁ።

እናቴ ቡታጅራ ብቻዋን ነበር የምትኖረው። ለአረፋ ከመርካቶ አገር ቤት ስገባ ካሜራና ያለ ቁልፍ የሚከፈት የግቢ በር አስገጠምኩላት። ባለሙያው አማራጭ ሰጠን፦ በሩ ያለ ኔትወርክ፣ እዚያው ቤት በምትቀመጥ ትንሽ ሳጥን ይሥራና እናቴ ራሷ ተጭና ትክፈት፣ ወይም እኔ መርካቶ ሱቄ ሆኜ በኔትወርክ በስልኬ ልክፈት። ኑሪያ «የእማዬ ቤት አይደለም እንዴ? በእጇ ይሁን» አለች። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ለደኅንነቷ ነው አልኩ። ውሸቴን ነው። መሪማን ለማስቀረት ነው።

መሪማ ጎረቤታችን ናት። በእኛ ሰፈር ጎረቤት አያንኳኳም፣ «አሰላሙ አለይኩም» እያለ ይዘልቃል። እናቴም የምልክላትን ዘይትና ስኳር ታካፍላታለች። ይህ አንገበገበኝ። አንድ ጣሳ ስኳር እኮ ነው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቄ ሆኜ የበሩ ካሜራ ስልኬ ላይ ጠራ። መሪማ በር ላይ ቆማለች። «ሸምሱ ልጄ፣ ክፈትልኝ፣ እናትህን ብጠራት ብጠራት አትመልስም» አለች። ሰማኋት። ፊቷን አየሁት። ኔትወርኩ ጥርት ያለ ነበር። እኔስ ምን አደረግሁ? ዛሬ ደግሞ ምን አልቆባት ይሆን ብዬ ስልኩን በፊቱ ደፋሁትና ደንበኛ ማስተናገዴን ቀጠልኩ። እኔ፣ እያየሁ፣ አልከፈትኩም።

በኋላ የሰፈር ሰው አጥር ዘሎ ገባ። እናቴ ጓዳ ወድቃ ነበር። ሐኪሙ ቶሎ ብትደርሱ ኖሮ አለ። ዛሬ ግማሽ ጎኗ አይታዘዝላትም፣ አንደበቷም ተይዟል።

አሁን ኑሪያ ያለችው ሳጥን ተተክሏል። በሩን የምትከፍተው መሪማ ናት። እናቴን የምታጥባትም የምታጎርሳትም እሷው። ባለፈው አረፋ በሐዘን ተውጬ ብታየኝ ጊዜ እጄን ይዛ «አትቆጭ ልጄ። ያን ቀን ኔትወርኩ ባይጠፋ ትከፍትልኝ ነበር» አለችኝ።

አፉ በሉኝ አልላችሁም። እናቴ አጠገባችን ተኝታ እያየችኝ፣ መሪማን ምን እንዳልኳት ብቻ ስሙኝ። «አዎ፣ እከፍትልሽ ነበር» አልኳት።