የቀማሁት የጌም ካሴት

ልጄ ተማሪ ሳለ የቴሌቪዥን ጌሙን ከነካሴቱ ቀምቼ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። «የሥራ ፈት ነገር ነው» አልኩት፤ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ዘንድሮ አያት ኮንዶሚኒየም ልጠይቀው ስመጣ፣ አጥብቆ ስለለመነኝ ካሴቱን ብቻ ይዤለት መጣሁ።

በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አያያዘው። «አባባ፣ የድሮ ነጥቤ እኮ እዚህ ውስጥ አለ። የተጫወተውን ሁሉ ከነስሙ ይይዛል» አለኝ።

ደነገጥኩ። እኔ የተጫዋቹ ስም ከማጫወቻው ጋር ሣጥኑ ውስጥ የቀረ መስሎኝ ነበር።

ኮምፒውተሩ አላነብም ሲል ደስ አለኝ። «ተበላሽቷል፣ ተወው» አልኩት። እሱ ግን የካሴቱን ጥርስ በአልኮል ጠራርጎ መልሶ ሰካው። ዝርዝሩ ወጣ።

«እኔ ሦስተኛ ነኝ። ሁለተኛው ቦራ ይላል። ቦራ በሬያችን አይደለም እንዴ?»

ገመዱን መነካካት ጀመርኩ።

«አባባ፣ በሬው ጌም ይጫወታል?»

«ክረምቱ ረጅም ነው» አልኩት። ወዲያው ግን ነገሩ ገባኝ። «ቆይ፣ ሁለተኛ ነው ያልከው? ቦራ እኮ አንደኛ ነበር! ማነው የበለጠው?»

ልጄ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ብሎ አነበበ።

«ዳለቻ ይላል።»

ዳለቻ ላማችን ናት። ከባለቤቴ በቀር የሚያልባት የለም።