አያ እንድሪስና ሦስቱ ጥዶች

ኮምቦልቻ ውስጥ ከተከራየሁበት ቤት ወደ ፋብሪካው በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነጥቁት ባሕር ዛፍ ስለሆነ አፍንጫዬ ለምዶታል፤ ዝም ብዬ አልፋለሁ። አንድ ሰኞ ጠዋት ግን ገና መታጠፊያው ላይ ሳለሁ ሌላ ሽታ ተቀበለኝ። ቀላ ያለ ሰጋቱራ በሩ ላይ ተቆልሏል። እግሬ አልሄድ አለኝ።

«ምን ፈለግሽ እህቴ?» አለኝ አናጢው።

«ጥድ ነው አይደል?»

«ነው። ከየት መጣ ብለሽ ብቻ እንዳትጠይቂኝ» ብሎ ሳቀ።

አልጠየቅሁትም። ቀኑን ሙሉ ማሽኑ ፊት ቆሜ የተበጠሰ ክር ስቀጥል ግን አያ እንድሪስ ከፊቴ አልጠፉም።

አገራችን ደሴ ዙሪያ ነው፤ ቦሩ ሜዳ ከሚኒባስ ተወርዶ ረጅም የእግር መንገድ ያስኬዳል። ከመንደራችን በላይ ያለው ተራራ እኔ ነፍስ ሳላውቅ መላጣ ነበር አሉ። እናቴና ጓደኞቿ የተረፈውን ቁጥቋጦ እየለቀሙ፣ ጀርባቸው እስኪላጥ ተሸክመው ደሴ፣ ሆጤ ድረስ ወርደው ይሸጡ ነበር። በኋላ ጎርፉ ማሳውን ሲጠርገው፣ ምንጩም ሲደርቅ፣ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ተራራውን ዘጉት። ከብት አይግባ፣ መጥረቢያ አይግባ፤ ሣሩ በዓመት አንዴ ታጭዶ ለየቤቱ ይከፋፈል ተባለ። ጠባቂ ሲመረጥ ሁሉም ወደ አያ እንድሪስ ጠቆመ። «እንድሪስ ዘመድ አያውቅም» ብለው ነበር ያመሰገኗቸው። በኋላ ይኸው ቃል ስድብ ሆነ።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ወታደር ከነበረ ወንድማቸው የቀረላቸውን አዝራር የለሽ ካፖርት በገመድ ይታጠቃሉ፤ ኮንጎ ጫማ ይጫማሉ፤ አንገታቸው ላይ ፊሽካ ይንጠለጠላል። ሚስታቸው በወሊድ ከሞተች ወዲህ ሌላ አላገቡም። የመንደሩ ልጆች ሁሉ ልጆቻቸው ነበርን። ሣር በሚታጨድበት ሰሞን ዓይናችንን ያስጨፍኑንና ቅጠል በመዳፋቸው አሽተው አፍንጫችን ሥር ይይዙልናል። «ይኼስ?» «ወይራ!» «ይኼስ?» «ኮሶ!» ላወቀ ከካፖርታቸው ኪስ የባቄላ ቆሎ ይዘግኑለታል። የጥድ ቅጠል ከኪሳቸው ስለማይጠፋ ቆሎው ራሱ ጥድ ጥድ ይል ነበር።

አባታችን ከሞተ በኋላ የቤቱ ሸክም በታላቅ ወንድሜ በሰይድ ላይ ወደቀ። መሬታችን ጠባብ ነበረች። ከዐረብ አገር የተመለሱ እኩዮቹ የቆርቆሮ ቤት ሲሠሩ ያያል። ወደዚያ የሚያሻግረው ደላላ ደግሞ ገንዘብ ካልያዝክ አትምጣ አለው። አንድ ጠዋት ጭጋጉ ሳይገለጥ ወጣና ሦስት ጥድ ቆረጠ።

ፊሽካው ሲነፋ እናቴ ላሚቱን እያለበች ነበር። ትንሽ ቆይቶ አያ እንድሪስ ሰይድን ከፊት አስቀድመው ግቢያችን ገቡ።

«ዘይነባ፣ ከሽማግሌዎቹ በፊት አንቺ ትስሚው ብዬ ነው።»

እናቴ ነገሩ ወዲያው ገባት። «እንድሪስ፣ በነቢ ይዤሃለሁ። ማንም አላየ።»

«እኔ አይቻለሁ።»

«የቲም ነው'ኮ!»

«አውቃለሁ። አባቱን አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ። ግን ዛሬ ያንቺን ልጅ ብተው፣ ነገ በማን ልጅ ላይ ነው ፊሽካ የምነፋው?»

ሰይድ መሬት መሬቱን ያያል።

ሽማግሌዎቹ እንጨቱ ለመስጊዱ ጣራ እንዲውል፣ ሰይድም አርባ ችግኝ እንዲተክል ፈረዱ። ሐምሌ ላይ ተከለ። ጉድጓዱን አያ እንድሪስ አብረውት ቆፈሩ። የመጨረሻውን በተከለ በማግስቱ መኝታው ባዶ ሆኖ ተገኘ። በባቲ በኩል ወርዶ ወደ ጅቡቲ ሄዷል አሉን። ከሳምንታት በኋላ አብሮት ከሄደ ልጅ ስልክ ተደወለ። የተሳፈሩበት ጀልባ ባሕር ላይ ተገልብጧል።

ሬሳ የሌለው ለቅሶ ተቀመጥን። አያ እንድሪስ ገና በሩን ሲረግጡ እናቴ ከመሬት ብድግ አለች።

«ልጄን በሦስት ጥድ ለወጥከው! ውጣልኝ!»

ወጥተው ከአጥሩ ውጭ ካፖርታቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀመጡ። ሦስት ቀን ዘነበባቸው። ግቡ ያላቸው የለም፤ ሂዱ ያላቸውም የለም።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ስታያቸው መንገድ ትቀይራለች። እኔንም እንዳላናግራቸው አስማለችኝ። አንድ የበጋ ቀን ግን ምንጩ ጋ ስወርድ አየኋቸው። በቢጫ ጀሪካን ውኃ ተሸክመው ዳገቱን እየወጡ የሰይድን ችግኞች አንድ በአንድ ያጠጣሉ።

«ሁለቱ ብቻ ናቸው የደረቁ» አሉኝ ቀና ብለው። «ለእናትሽ... ተይው፣ አትንገሪያት።»

ነገርኳት። የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠችና «ችግኝ ‹እማ› ብሎ ይጠራኛል?» አለችኝ።

ዓመታት አለፉ። ተራራው ደን ለበሰ፤ ምንጩ በጋ ከክረምት መፍሰስ ጀመረ፤ ሴቶቹ ከእንጨት ሸክም ወጥተው በደኑ ዳር ቀፎ ሰቀሉ። እናቴም ሣሯንም ማሯንም ትወስዳለች፤ ስማቸውን ግን አታነሳም። እኔ ለዐረፋ ከኮምቦልቻ ስመጣ አያ እንድሪስ መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን ያነሱልኛል። አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ትልቅ ሰው ሆኜም እንዲያ አለፍኩ። ምን ይነካኝ ነበር አንድ ጊዜ እንኳ «አያ እንድሪስ፣ እንዴት አሉ?» ብላቸው?

ባለፈው ኅዳር በሳንባ ሕመም ሞቱ። ጎረቤት ደውላልኝ ስደርስ ቀብሩ አልፏል። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ፣ ከሴቶቹ መሐል፣ እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ናት አሉኝ። ለምን መጣሽ ብሎ የጠየቃት የለም።

ስንመለስ መንገድ ላይ «ይቅር አልሻቸው?» አልኳት።

«ሦስቱንም ቀን በአጥሩ ቀዳዳ አየው ነበር» አለች። «ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል። ግባ ማለት አቃተኝ።» ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሰይድ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስታለቅስ አላየኋትም።

በአያ እንድሪስ ቦታ ልግባ ያለ ሰው አልተገኘም። አንድ ሰው ብቻውን የሚችለው አይደለም ብለው በየቤቱ ተራ አወጡ። የኛ ቤት ተራ ሐሙስ ነው። እናቴ ጉልበቷን እያመማት ትወጣለች።

ባለፈው ሐሙስ ደወልኩላት። ነፋሱ ድምፅዋን ይቆራርጠዋል። ስለ ብርዱ ልቆጣት ስጀምር ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው መሰለኝ፤ ሌላ ሰው ስትጠራ ሰማኋት።

«አንቺ ልጅ! አይዞሽ፣ አልመታሽም። ፍየሏን ብቻ አውጪያት። ነይ፣ እኔ እረዳሻለሁ።»

ስልኩን ሳትዘጋው ኪሷ ውስጥ ከተተችው። የእርምጃዋ ኮቴና የትንፋሿ ድምፅ ይሰማኛል። ሽቅብ እየወጣች ነበር።