ልጄ ጥናቷን ደብቃኝ አቀረበች

ልጄ ዛሬ የማስተርስ ጥናቷን አቅርባ ማለፏን ያወቅሁት ከጓደኛዋ ፌስቡክ ላይ ነው! አበባ ታቅፋ ትስቃለች።

ጥናቷን ለማቅረብ ስትለማመድ ክረምቱን ሙሉ ተማሪዋ እኔ ነበርኩ። ሁለት ድንች በስንጥር አያይዛ፣ «እማ፣ እነዚህ የመዳብ አቶሞች ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ያልቻለውን ኦክስጅን ተጋግዘው ለሁለት ይከፍሉታል» ስትለኝ፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ለቀረሁት ለእኔ እንኳ ገባኝ። (ድንቹን በኋላ ቀቅለን በላነው።)

ደወልኩላት። «ቀኑ ገና ነው አላልሽኝም?»

«እማ፣ ገና ሳልጨርስ እልል ብለሽ መምህራኑን እንዳታስደነግጪብኝ ፈርቼ ነው።»

ከፋኝ! ስለ መተሳሰር ስታስተምረኝ ከርማ ብቻዋን ገባች። ስልኩን ዘግቼ ግን እልልታውን አቀለጥኩት፤ የእንጅባራ ጎረቤቶቼ ልድራት መስሏቸው እየሮጡ መጡ።

እናንተንስ ልጆቻችሁ በደስታችሁ ቀን እንዲህ ከድተዋችኋል? እስኪ አጫውቱኝ፣ ብቻዬን አልናደድ።