ከመጨረሻው ፉርጎ የምትነሳ እጅ

ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ተደብቆ ሲወጣ እንጂ በዕረፍት ቀኑ ተደብቆ ሲገባ ታይቶ አይታወቅም። ጋሽ ባቡር ግን በዚያ እሑድ ረፋድ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ ሁለት ሴት ልጆቹንና የሚስቱን ታላቅ እህት አስከትሎ፣ አትክልተኞቹ የቆሻሻ ጋሪ በሚያስወጡበት የጓሮ በር በኩል ወደ መናፈሻው ገባ።

«አባዬ፣ ለምንድነው እንደ ሌባ የምንገባው?» አለች ትንሿ።

አምስት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ «ጥያቄ» ይሏታል፤ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ ከሰላምታ በፊት «ለምን» የምትል ልጅ ናት። ታላቋ አሥራ አንድ ሞልቷታል፤ እሷ ደግሞ «ዳኛዋ» ናት። ዳቦ ሲቆረስ ቢላዋው የት ላይ እንዳረፈ አይታ ትፈርዳለች፤ የፈረደችውንም አትረሳም።

«ሌባ አይደለንም፤ ዛሬ እንግዶች ነን» አላት አባቷ።

«እንግዳ በዋናው በር አይደል እንዴ የሚገባው?»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ዳቦ አስይዢው» አለች አክስትየዋ። ልጆቹ «እትዬ» ይሏታል። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል የሞላ ዘንቢል አቅፋ፣ ጫማዋ ጭቃ እንዳይነካው እየዘለለች ትከተላቸው ነበር። «አንተም ሰውዬ፣ ሌላ መናፈሻ ጠፍቶ ነው? ስድስት ቀን የሚዞርበትን አጥር በሰባተኛው ቀን የሚናፍቅ ካንተ ሌላ አላየሁም።»

ኮፍያውን ይበልጥ ወደ ታች ሳበው። ምክንያቱን እሷም ታውቀዋለች።

መናፈሻው ከከተማው እምብርት ላይ ነው፤ በአራቱም በኩል ረጃጅም ፎቆች ቁልቁል ያዩታል፣ ዙሪያውን የብረት አጥር ይዞታል። መሐሉ ላይ ኩሬ አለ። በኩሬው ዙሪያ ስድስት መቶ አርባ ሜትር የሐዲድ መንገድ ተዘርግቷል፤ በሐዲዱ ላይ ሦስት ፉርጎ የሚጎትት ትንሽ ባቡር ይሄዳል። አንድ ዙር አራት ደቂቃ ይፈጃል። ጋሽ ባቡር ይህንን ባቡር አሥራ አንድ ዓመት ነድቷል። በቀን በአማካይ ሃያ ስድስት ዙር ነው። አንድ ቀን ተራ ሲጠብቅ በሲጋራ ወረቀት ጀርባ አስልቶት ነበር፤ ከሃምሳ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ምድርን ዞሮ የሚተርፍ መንገድ ነው። ከአጥሩ ግን አልወጣም።

ከዚያ በፊት የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን እየነዳ፣ ሲነጋ የማያውቀው ከተማ የሚያገኘው ሰው። ዳኛዋ የተወለደች ጊዜ ሚስቱ ሕፃኗን እንደታቀፈች፣ «ልጅህ አባቷን በፎቶግራፍ ልታውቀው ነው እንዴ?» አለችው። በሳምንቱ የመኪናውን ቁልፍ መለሰና እዚህ ተቀጠረ። አልቆጨውም። ቢቆጨውም እሑድ እሑድ ይረሳዋል፤ እሑድ ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ትመጣና ከመጨረሻው ፉርጎ በግራ በኩል ትቀመጣለች።

እዚያ የምትቀመጠው በምክንያት ነበር። ባቡሩ የሚቆምበት ቦታ ጠመዝማዛ ስለሆነና አንድ ወፍራም ምሰሶ ስለሚጋርደው፣ ሹፌሩ የመጨረሻው ፉርጎ ሰንሰለት መዘጋቱን ማየት አይችልም። ስለዚህ ከኋላ የተቀመጠ አዋቂ ሰንሰለቱን ይቆልፍና እጁን ወደ ውጭ አውጥቶ ያነሳል። ሹፌሩ በመስታወቱ እጅ ካላየ ደወል አይደውልም፤ ደወል ካልደወለ አይነሳም። በሥራው የተጻፈ ደንብ ይኸው አንዱ ብቻ ነው። እሑድ እሑድ የምትነሳው እጅ የሚስቱ ነበረች።

ከሞተች ስምንት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ሆኗታል። ሆስፒታል የተኛችው አሥራ አንድ ቀን ነው።

ከሐዘን ተመልሶ ሥራ በገባበት የመጀመሪያው እሑድ ዝናብ ነበር። ፊተኛው ፉርጎ ላይ ሰባት ልጆች ተሳፈሩ፤ የኋለኛው ባዶ ነበር። እሱ ግን መስታወቱን እያየ እጅ ጠበቀ። ባዶ ፉርጎ ሰንሰለት እንደማያስፈልገው ጠፍቶት አይደለም፤ ያን ጊዜ እንዲሁ አልመጣለትም። ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል፣ ልጆቹ ይጮኻሉ፣ እሱ ይጠብቃል። ተቆጣጣሪው ጃንጥላ ይዞ መጥቶ ትከሻውን ሲነካው ዘጠኝ ደቂቃ አልፎ ነበር። በመዝገቡም ላይ እንዲህ ተብሎ ተጻፈ፦ «ያለ በቂ ምክንያት የዘጠኝ ደቂቃ መዘግየት፤ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ።» ሁለተኛ ከተጻፈ ውሉ አይታደስም። ውሉ የሚፈረመው ደግሞ በመጪው ዓርብ ነው።

ወደ ጭነት መኪናው እንዳይመለስ ልጆቹን ማን ይይዝለታል? እትዬ የራሷ ቤት አላት። እዚህም እንዳይኖር መስታወቱ አለ። በቀን ሃያ ስድስት ጊዜ ከዚያው ቦታ የሌላ ሰው እጅ ሲነሳ ያያል።

ልጆቹ ከዚያ ወዲህ ባቡሩን ረግጠው አያውቁም። ባለፈው ሳምንት ግን ጥያቄ እራት ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ «እማዬ ቦታ ላይ አሁን ማን ነው የሚቀመጠው?» አለች።

«እኔ» አለ ጋሽ ባቡር፣ ሳያስበው። «እሑድ ከእናንተ ጋር እኔ እቀመጣለሁ።»

«ማን ይነዳል ታዲያ?» አለች ዳኛዋ።

«ተለዋጩ ሹፌር። ዕረፍቴን ወደ እሑድ አዛውረዋለሁ።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዳኛዋ ራሷን ነቀነቀች፤ ነገሩም በልቧ መዝገብ ገባ።

እንግዲህ መደበቁ ለዚህ ነበር። ተቆጣጣሪው ካየው አንድ ሥራ እንደማያጣለት ያውቃል። ከተራው መጨረሻ ቆሞ፣ ትኬት ቆርጦ፣ እንደ ሰው ተሳፍሮ፣ አራት ደቂቃ ተቀምጦ መውረድ ነው የፈለገው።

ከቁጥቋጦው ጀርባ ብቅ ሲሉ ባቡሩ ባዶውን ቆሟል፤ ተራው እስከ አይስክሬም ሻጩ ጋሪ ደርሷል። የሹፌሩ ወንበር ላይ ሰው የለም።

«ውይ! ጋሽ ባቡር!» ትኬት ቆራጯ ከሳጥኗ ውስጥ ተነሳች። «እግዜር ነው ያመጣህ! ተለዋጩ ጥርሱ አብጦ ቀረ።»

ኮፍያው ምንም አልፈየደም። ከተራው አንድ ልጅ «ጋሽ ባቡር!» አለ፤ ቀጥሎ ሦስት፤ ቀጥሎ ሁሉም። ሕፃን አዝላ የቆመች እናት አጨበጨበች። ተቆጣጣሪው መዝገቡን በብብቱ እንደያዘ ከቢሮው ወጣ።

«ወንድሜ፣ አንድ ዙር ብቻ። ሕዝቡ ሊበላኝ ነው።»

«አለቃ፣ ዛሬ ዕረፍቴ ነው። ከልጆቼ ጋር ነኝ።»

«ልጆችህ ታዲያ ምን ጎደለባቸው? አባታቸው እየነዳላቸው!» ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዓርብ እኮ ወረቀትህን ይዤ የምገባው እኔ ነኝ። ምን ብዬ እንድገባ ትፈልጋለህ?»

ጋሽ ባቡር ዞሮ ልጆቹን አየ። ዳኛዋ እጇን አጣምራ ቆማለች።

«አንድ ዙር ብቻ፣ የኔ እናት። አራት ደቂቃ። ከዚያ...»

«ሰማሁ» አለች። ሄዳም ከኩሬው ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እህቷንና አክስቷንም አጠገቧ አስቀመጠች።

እትዬን «አንቺስ ከእነሱ ጋር ብትሳፈሪ» ቢላት፣ «እኔ? ገና ሳየው ሆዴ ይገለባበጣል!» አለችው።

ነዳ። አግዳሚው ወንበር ከሐዲዱ አምስት እርምጃ ቢርቅ ነው። በመጀመሪያው ዙር ሲያልፍ እትዬ እንቁላል ትልጣለች። ጥያቄ እጇን አውለበለበችለት፤ ዳኛዋ አላወለበለበችም። ሲመለስ ተራው አላጠረም፤ እንዲያውም ረዝሟል። ተቆጣጣሪው በጣቱ «አንድ ብቻ» ብሎ አሳየው። በሁለተኛው ሲያልፍ ጥያቄ ጫማዋን አውልቃለች። በሦስተኛው ሲያልፍ እትዬ ጫማውን ልታለብሳት ትታገላለች። በአራተኛው የልጅቷ ጉንጭ እርጥብ ነው፤ ለምን እንዳለቀሰች ቆሞ መጠየቅ አይችልም፤ በሐዲዱ መሐል መቆም ክልክል ነው። የገዛ ቤተሰቡን በአምስት እርምጃ ርቀት በየአራት ደቂቃው እንደ ፎቶግራፍ እያየ ያልፋል። «ዞሮ ዞሮ ከቤት» ይላል ተረቱ፤ እሱ ግን ዞሮ ዞሮ ከቤቱ ፊት ለፊት ያልፋል እንጂ አይገባም። በአምስተኛው ዳኛዋ ቀና ብላ አላየችውም።

በስድስተኛው አግዳሚው ባዶ ነው። የእንቁላል ቅርፊት ብቻ ቀርቶበታል።

ልቡ ወደ ኩሬው ሄደ። ውሃው ላይ ከዳክዬ በቀር ምንም የለም። የቀረው መቶ ሜትር ከጭነት መኪናው ዘመን መንገድ ሁሉ ረዘመበት። መቆሚያው ሲደርስ ትኬት ቆራጯን በዓይኑ ፈለጋት፤ እሷ ግን የወረዱትን እየሸኘች፣ የሚሳፈሩትን እያስገባች ነበር። ፉርጎዎቹ ሞሉ። መስታወቱን አየ። እጅ የለም። ጠበቀ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለ ተቆጣጣሪው።

«እጅ አልተነሳም።»

«ሄደህ እይ እንጂ ታዲያ!»

ወረደ። ምሰሶውን ዞሮ ወደ መጨረሻው ፉርጎ ሄደ። እትዬ በቀኝ በኩል ዘንቢሏን እንደ ሕፃን አቅፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች። «ዝም ብለህ እለፍ፣ አታናግረኝ፤ ተገድጄ ነው» አለችው ሳትገልጥ። ጥያቄ ከመሐል፣ ዳኛዋ ከእሷ ቀጥላ። በግራ በኩል ያለው ቦታ ባዶ ነው። ዳኛዋ ሹራቧን አንጥፋበታለች።

«ተይዟል» አለች። «ያንተ ነው።»

«የኔ ልጅ፣ እኔ እዚህ ከተቀመጥኩ ማን ይነዳዋል?»

«እሱን እኔ አላውቅም። እነዳለሁ አላልክም፤ እቀመጣለሁ ነው ያልከው።»

ከፊት ያሉት ልጆች «እንሂድ! እንሂድ!» ማለት ጀምረዋል። ተቆጣጣሪው የእጅ ሰዓቱን ሲያይ በምሰሶው ጎን ይታያል። ጋሽ ባቡር ሹራቡን አነሳ፤ አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አደረገ፤ ተቀመጠ።

ባቡሩ ቆሟል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጀርባውን ለእነሱ ሰጥቶ እንደሚነዳ ነበር የሚያስበው። ከዚህ ሲያየው ግን የሹፌሩ መስታወት ፊት ለፊቱ ነው፤ በውስጡ የሹፌሩ ባዶ ወንበር፣ ከመደገፊያው እስከ ደወሉ፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ከዚህ ፊቴ ይታያል እንዴ?» አለ።

«ሁልጊዜ» አለች ዳኛዋ። «እማዬ ትነግረን ነበር። ዛሬ ርቦታል፣ ዛሬ ከፍቶታል፣ ዛሬ መኪናው ትዝ ብሎታል እያለች።»

«መኪናው ትዝ ብሎታል ትል ነበር?»

«እ። ከዚያ እጇን ታነሳለች፤ አንተ ትስቃለህ።»

አፉን በሹራቡ ያዘ። ጥያቄ ሽቅብ አየችው። እትዬ ዓይኗን ሳትገልጥ እጇን በልጆቹ ላይ አሻግራ ክንዱን ጨመቀችው።

«አንተ ሰው!» ተቆጣጣሪው ደረሰ። መዝገቡ ተከፍቷል፣ ብዕሩ ከክዳኑ ወጥቷል። «ስድስት ደቂቃ! ኧረ ስድስት ደቂቃ! እዚህ ምክንያት የሚል ቦታ አለ፤ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ጋሽ ባቡር ቀና ብሎ አየው። ስለ ዓርብ አሰበ፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ጥያቄ የትምህርት ቤት ጫማ። ሊለምነው አፉን ከፈተ። የመጣለት ግን ልመና አልነበረም።

«ከልጆቼ ጋር ተቀምጬ ነበር ብለህ ጻፍ፣ አለቃ። ሌላ የለውም።»

ተቆጣጣሪው አልጻፈም፣ አልከደነም፤ ብዕሩን እንደያዘ ቆመ።

«ይበቃል» አለች ዳኛዋ፣ ለአባቷ። «ቃልህን ፈጽመሃል። አሁን ሂድ ንዳ፤ ሰው እየጠበቀ ነው።» እሱ ሲወርድም ወደ ግራው ቦታ ተጠግታ ሰንሰለቱን ቆለፈች፤ ቁልፉንም ሁለት ጊዜ ሳብ አድርጋ ሞከረችው፤ እናቷ እንደዚያ ታደርግ ነበር። እህቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እጅ የምታነሺው አንቺ ነሽ። አባዬ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ።»

ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መስታወቱን አየ። ከመጨረሻው ፉርጎ በግራ በኩል ትንሽ እጅ ወጣች፤ ጣቶቿ እንቁላል ነክቷቸዋል። ደወሉን ደወለ።

ያው ሐዲድ፣ ያው ኩሬ፣ ያው አጥር ነበር። አግዳሚውን አለፈ፣ ቅርፊቱ እዚያው አለ። ተቆጣጣሪው መዝገቡን እንደከፈተ ከመቆሚያው ላይ ቀርቷል፤ ጽፎ እንደሆነ፣ ምን ብሎ ጽፎ እንደሆነ፣ ከዚህ ሆኖ ማየት አይቻልም። ጋሽ ባቡር በአራት ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ፊቱ ይቆማል። ሌላ የሚሄድበት የለውም።

ግማሽ መንገድ ላይ መስታወቱን ደግሞ አየ። ጥያቄ እጇን አላወረደችም። ቀኝ እጇ ደክሟት በግራዋ ደግፋው፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ሽቅብ ይዛዋለች። ደወሉ ከተደወለ በኋላ እጅ እንደሚወርድ የነገራት አልነበረም።