በጎን በር ማን ይገባል?

ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃዬ ዳግ ፎጣ ሰጥቶ የመስታወቱን ባንኮኒ ሲያስወለውለኝ ዋለ። ከምሳ በኋላ ጠራኝና አንድ ሽጉጥ አስቀምጦ፣ "ባዶ ነው፣ አንሺው" አለኝ። አነሳሁት። "ባዶ መሆኑን በምን አወቅሽ?" አለኝ። "አንተ ነግረኸኛላ!" አልኩት። ወዲያው ከእጄ ወሰደው። የጥይቱን ካዝና አወጣ፣ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ ያዘ፣ ጥይት የሚጎርስበትን ቀዳዳ አሳየኝና በትንሿ ጣቱ ዳሰሰው። "እዚህ ቤት የሰው ቃል አይታመንም። ዓይንሽና ጣትሽ ብቻ" አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ መሣሪያ በዓይኔና በጣቴ ሳያልፍ ቀርቶ አያውቅም። ደንበኛው ፖሊስ ይሁን ዳግ ራሱ፣ ለእኔ አንድ ነው። በካናዳ፣ በካልጋሪ ከተማ ሰሜን ምሥራቅ ባለው በዚያ የጠመንጃ መደብር ከጽዳት ተነስቼ ባንኮኒ ላይ ቆምኩ፣ ከባንኮኒ ደግሞ የሽያጭ ኃላፊ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። በእጄ ያለፈ መሣሪያ አንድም ቀን ባንኮኒዬ ላይ አልጮኸም። ይህን የምናገረው ደረቴን ነፍቼ ነው።

ያገሬ ሰዎች መጀመሪያ ላይ ሥራዬን ሲሰሙ "አንቺ ገነት? ጠመንጃ?" ይሉኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሴቶቹ ራቅ ይሉኛል፤ ባሎቻቸው ግን መኪና ማቆሚያው ጋ ጠብቀው በሹክሹክታ ምክር ይጠይቁኛል። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር የምመልስላቸው። ይበላቸው!

የሽጉጥ ሽያጭ ሳይታገድ በፊት አብዛኛው ሰው የሚጠይቀኝ "ረከስ ያለ፣ ግን ደህና የቱ ነው?" እያለ ነበር። ዋጋ ከመናገሬ በፊት እጁን አያለሁ። መያዣው ለመዳፉ ካልተስማማ፣ ጣቱ ምላጩ ላይ በደንብ ካልደረሰ፣ የላይኛውን ብረት ያለ ትግል መሳብ ካልቻለ ውዱም አይጠቅመውም። ርካሹ ከተስማማው ርካሹን ውሰድ፣ የተረፈህን ለመለማመጃ ጥይት አውለው እለዋለሁ። ዳግ በዚህ ብዙ ተነጫንጮብኛል። ሰዎቹ ተመልሰው እየመጡ "ያቺን ሴትዮ ጥሩልን" ማለት ሲጀምሩ ግን ዝም አለ።

ከዚያ የሽጉጥ ሽያጭ በሕግ ታገደ። መስታወቱ ውስጥ ቢላዋና ቴርሞስ ደረደርንበት።

ጋሼ ታደሰ የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። የጎንደር ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸውን አየር ማረፊያ በጽዳት ሥራ የጨረሱ፣ ፋልከንሪጅ የሚባለው ሰፈር የሚኖሩ። አንድ ማኅበር እንጠጣለን። ኮፍያቸውን አውልቀው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

"ገነት ልጄ፣ እስቲ ደህና ሽጉጥ አሳዪኝ። ረከስ ያለ።"

"ጋሼ ታደሰ፣ ሽጉጥ እኮ ከታገደ ቆየ። ድሮም ቢሆን ለዒላማ ተኩስ ምናምን ነው እንጂ ለቤት ጥበቃ ላይሰንስ አይሰጡም ነበር። ምን ገጠመዎት?"

"ሌባ ገባብኝ።"

እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ቤቱ ተበርብሮ፣ የባለቤታቸው የእትዬ ብርቄ የጋብቻ ሐብል ተወስዶ ጠበቃቸው። ከዚያ ወዲህ እትዬ ብርቄ ኮሽ ባለ ቁጥር ይደነግጣሉ፣ ብቻቸውን ቤት መቆየት አይችሉም። ጋሼ ታደሰ ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ባንኮኒው ላይ ነበር። ያፈሩ ይመስለኛል።

"በሩን ሰብሮ ነው የገባው?"

"ምን ይሰብራል? ክፍት ነው እንጂ።"

ወደ ቤዝመንት፣ ወደ ምድር ቤቱ የሚያወርደውን የጎን በር ማለታቸው ነው። የማኅበሩ ድስትና ወንበር እዚያ ስለሚቀመጥ የፈለገ ሰው ገብቶ ይወስዳል፣ ይመልሳል።

"አሁንስ ይቆልፉታል?"

"እንዴት አድርጌ? ማኅበርተኛ በዚህ ብርድ ደጅ ቆሞ ደወል ይደውል? ታደሰ በሩን ዘጋብን ልባል?"

ሽጉጥ ለመግዛት አላፈሩም፣ በር ለመቆለፍ ግን ያፍራሉ። ዳግ ይህን ቢሰማ አበዱ ይል ነበር። እኔ ገብቶኛል፤ አባቴ ቤትም በቀን በር ተዘግቶ አያውቅም።

"በዚያ በር ማን ማን ይገባል?" አልኳቸው።

"ማኅበርተኛው ሁሉ። ጎረቤቴ። ሳሮንም ከሥራ ስትመለስ።" ሳሮን እዚሁ ካልጋሪ የተወለደች ልጃቸው ናት፣ እሷም አየር ማረፊያ ነው የምትሠራው።

"መሣሪያ ይዘው ሳሉ ሳሮንን ከሌባ በምን ይለዩአታል?"

ተቆጡ። "ልጄን? በኮቴዋ አውቃታለሁ! እሺ፣ ሽጉጡ ከቀረ የአደን ጠመንጃ ልግዛ።"

"መብትዎ ነው። የመሣሪያ አያያዝ ኮርሱን ይውሰዱ፣ ላይሰንስ ያውጡ፣ በደንብ መርጬ እሸጥልዎታለሁ። ግን ሕጉ ጥይቱን አውጥተው ቆልፈው ያስቀምጡ ነው የሚለው። መጀመሪያ ለበሩ ቁልፍ ይግዙ። እኛ ጋ የለም፣ መንገዱን ሲሻገሩ ያገኛሉ።"

"አንቺ ነጋዴ ነሽ ወይስ ንስሐ አባቴ?" ብለው ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ። ኮርስ ሊመዘገቡ እንጂ ቁልፍ ሊገዙ እንዳልሄዱ ከአረማመዳቸው ያስታውቅ ነበር።

ዳግ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ነበር። "ደንበኛ ማዶ ትልኪያለሽ እንዴ?" አለኝ። "የሚያስፈልገው እዚያ ነው" አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ።

የማኅበሩ ተራ ጋሼ ታደሰ ቤት ደረሰ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ሰው ሁሉ ገብቶ፣ ጸሎት ደርሶ፣ ሳሎን ተቀምጠን እየተጫወትን ነው። በጎን በር ስገባ አይቼዋለሁ፣ ቁልፍ አልተገጠመለትም። ድንገት ከታች ኮቴ ተሰማ። ከባድ ነው፣ ወለሉን ይደበድበዋል። እትዬ ብርቄ ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው ተነሡ።

"ሰውዬ፣ ሰው ገባ!" አሉ።

ጋሼ ታደሰ ከሶፋው ኋላ ዱላቸውን አንስተው ወደ ደረጃው ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው።

"ማነው?" መልስ የለም። "ማነው እላለሁ!"

ከመታጠፊያው ሰው ብቅ ሲል ዱላው ወረደ።

"ኦ ማይ ጋድ! ዳድ! ኢትስ ሚ!"

ሳሮን ናት። ዱላው ክንዷን አግኝቷታል። ጆሮዋ ላይ ሙዚቃ ሰክታ ስለነበር ጥሪያቸውን አልሰማችም። "ዛሬ እኮ ሻንጣ ጭነት አዛወሩኝ፣ ላይክ፣ ቡትስ ነው ያደረግሁት፣ ለማሚ ነግሬአት ነበር!" እያለች ታለቅሳለች። እግሯ ላይ ጫፉ ብረት የሆነ አዲስ የሥራ ጫማ አለ።

ጋሼ ታደሰ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ክንዷን ይዘው አገላብጠው አዩት። ቀልቷል፣ ግን አልተሰበረም። ደጋግመው ሳሙት። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

"ገነት፣ ኮቴዋን አላወቅሁትም" አሉ።

አብሬአቸው አለቀስኩ። ግን ልዋሽ አልችልም፣ እዚያው ደረጃ ላይ ቆሜ እያለቀስኩ በሥራዬ ኮራሁ። ሽጉጡን የከለከላቸው ሕግ ነው። የአደን ጠመንጃውን በችኮላ እንዳይዙ ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ቁልፍም ደወልም ተገጠመ። አሁን ማኅበርተኛ ሲመጣ ይደውላል፣ ጋሼ ታደሰ ብርድ እንዳይመታው እየሮጡ ወርደው "ማነው?" ብለው ድምፁን ሰምተው ይከፍታሉ። በር ዘጋብን ያላቸው ሰው የለም። እትዬ ብርቄም ብቻቸውን ቤት መዋል ጀምረዋል። ኮርሱን ጋሼ ታደሰ ጨርሰው አልፈዋል፣ የምስክር ወረቀቱን ሳሎን ሰቅለውታል። ጠመንጃ ግን እስካሁን አልገዙም።

ታሪኩን ለዳግ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ባንኮኒ አስወልውሎ፣ ሽጉጥ አስቀምጦ "ባዶ ነው፣ አንሺው" ካለ በኋላ፣ ሁለተኛውን ትምህርት እንድሰጥ እኔን ይጠራ ነበር። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ እዚያ ቤት በእኔ ስም ነው የሚጠሩት፣ "የገነት ጥያቄ" ይሉታል።

ለቤቴ መጠበቂያ መሣሪያ እፈልጋለሁ የሚል ሰው ከመጣ፣ ስለ ዋጋ ከመነጋገር በፊት በቤቱ በር ማን ማን እንደሚገባ ይጠየቃል። ስማቸውን አንድ በአንድ ጠርቶ እስኪጨርስ ይጠበቃል። ዕቃ የሚወጣለት ከዚያ በኋላ ነው።