የሙጋምቢ ሜዳ

ጋትዊሪ ጠዋት ጠዋት ሻይዋን ጠጥታ ስትጨርስ፣ ኩባያው ሥር የቀረችውን ደጃፏ ላይ ትደፋና ጎንበስ ብላ ታያለች፤ ወዴት እንደሚወርድ፣ አፈሩ ቶሎ ይምጠጠው አይምጠጠው። የቤቷ ደጃፍ ዘመኑን ሁሉ ያው ነው፤ ውሃው ሁልጊዜም ወደ ሙዙ ነው የሚወርደው። ቢሆንም ታያለች።

ግንባሯ ላይ ጣት የሚያስገባ ስርጉድ አለ። በልጅነቷ እንጨት፣ ኋላም አሥራ አንድ ዓመት የተራራ ተጓዦችን ጓዝ በጠፍር ተሸክማበታለች። ባለፈው ጥር የተራራ ጉዞ ድርጅቱ ባለቤት ጠራትና፣ "እስቲ ይህን ጉዞ አንቺ ምሪው። ካልሆነልሽ ሸክምሽ የትም አይሄድም" አላት። የምትመራው ከናይሮቢ የመጡ አምስት ነርሶችን ነበር። እኔ ምግብ ለማብሰል አብሬ ሄድኩ።

የመጀመሪያው ቀን ከተራራው ሥር ካለችው ከቾጎሪያ ተነስቶ፣ የቀርከሃውን ጫካ አልፎ፣ የእግር መንገዱ የሚጀምርበት ማደር ነው። ተሸካሚዎቹ ይቀድማሉ፣ ተጓዦቹ ቀስ ብለው ይከተላሉ። ጋትዊሪ ጠዋት ለተሸካሚው ለሙቱማ፣ "ድንኳኖቹን ሙጋምቢ ጋ ትከሉ" አለችው።

"እሺ፣ ማማ ንካታ" ብሎ ሄደ። ንካታ ልጇ ናት፤ ጎረቤት ሁሉ የሚጠራት እንዲህ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ስንደርስ ከፍታው ላይ ያለው ሜዳ ባዶ ነው። ሽማግሌው ሙጋምቢ ቀፎ ይሰቅልበት የነበረው ዛፍ ብቻውን ቆሟል። ሳቅ የሚሰማው ከታች፣ ከወንዙ ዳር ነበር። ወረድን። ድንኳኖቹ ተተክለዋል፣ የበቆሎና የአደንጓሬው ንፍሮ ተጥዷል።

"ሙቱማ፣ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?"

"ሙጋምቢ ጋ አላልሽም?"

"ሙጋምቢ ጋ ነው ያልኩት!"

"ታዲያ ይሄ ማን ጋ ነው?"

የዚህ አገር የመጀመሪያ ወንድ ልጅ የአባቱን አባት ስም ይወርሳል። የሽማግሌው የልጅ ልጅም ሙጋምቢ ነው። አብሮን ይሸከማል፤ አምና ወንዙ ዳር የድንጋይ ምድጃ ሠርቶ ነበር። ወጣቶቹ "ሙጋምቢ ጋ" የሚሉት ይህንን ነው።

"እኔ ያልኩት ሽማግሌው ጋ ነው" አለች።

"ሰውየው እኮ ሞቷል! ከሞተ ሰው ጋ ነው እንዴ የምናድረው?"

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። ነርሶቹ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው እያዩን ነው።

"ማር እየላስክ ያደግከው ከማን ቀፎ ነው? ተነስ፣ እንወጣለን።"

"ማማ ንካታ፣ ውሃው ቅርብ ነው፣ ነፋስ የለም። ነገ ጠዋት ለምንለቀው ቦታ! ሠርግ ልትደግሺበት ነው?"

ጋትዊሪ ሻይ የያዘበትን ኩባያ ከእጁ ወስዳ መሬቱ ላይ ገለበጠችው። ሻዩ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ቀስ እያለ ወደ ድንኳኖቹ ሄደ።

"አየህ? መሬቱ አልጠጣም ብሏል። ሌሊት ቢዘንብስ?"

"ሻዬን..." አለ ሙቱማ።

ከአራት ዓመት በፊት እዚሁ ወንዝ ዳር ያደሩ ተጓዦች ዘንቦባቸው ነበር። ልብሱም ብርድ ልብሱም የራሰበት አንድ ተጓዥ፣ በሦስተኛው ቀን ከላይ ድንጋዮቹ መሐል ብርዱ አንደበቱን ያዘው። በቃሬዛ ካወረዱት አንዷ ጋትዊሪ ናት። ይህን ለነርሶቹ አልነገረቻቸውም። የመጀመሪያውን ድንኳን ካስማ ነቀለች፣ ጠቀለለችው፣ ጠፍሩን ግንባሯ ላይ አድርጋ ቀና አለች።

"እሰይ! አለቃችን ወደ ሥራዋ ተመለሰች!" አለ ሙቱማ።

ጆሮ አልሰጠችውም። ዳገቱን ወጥታ፣ አውርዳ፣ ተመልሳ መጣች። ሁለተኛውን ነቀለች። እኔ ሳህኖቹን ይዤ ተከተልኳት። ለሦስተኛው ስንወርድ ማንም ካለበት አልተነቃነቀም፤ ጋትዊሪ ላቧን ጠርጋ እንደገና ጎንበስ አለች። ይሄኔ ወጣቱ ሙጋምቢ ብድግ አለ።

"የአያቴ ቦታ ነው፣ ምን ላድርግ" አለና የንፍሮውን ድስት ከእሳቱ ላይ አንስቶ መንገድ ጀመረ።

"ኧረ ድስቱን! አንተ! ድስቱን ተው!"

ድስቱ ሲሄድ ሁሉም ሄደ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አምስቱም ድንኳኖች ከላይ ቆመዋል። በመጨረሻ የመጣው ሙቱማ ነበር፤ ሁለት ድንኳን ደርቦ ተሸክሞ።

"ነገስ የት ነው የምናድረው?" አላት እያለከለከ። "የሟቹን ስም ከነአያቱ ንገሪኝ።"

"ነገ እኔ ራሴ እቀድማለሁ፤ አንተ ከኋላ ትመጣለህ።"

"እሺ።"

"ማማ ንካታ" ሳይል "እሺ" ብቻ ያላት ያኔ ነው። በጉዞው መጨረሻ ከአምስቱ ነርሶች አራቱ የተራራው ጫፍ ላይ ቆሙ፤ አምስተኛዋን ራስ ምታት ሲጀምራት ጋትዊሪ በጊዜ መለሰቻት። ከዚያ ወዲህ ጠፍሩ ቤቷ ግድግዳ ላይ ነው፤ ስድስት ጉዞ መርታለች።

ልጽፈው መሆኑን ስነግራት፣ "ሁሉንም ጻፊ፤ አንዷን ብቻ ተዪልኝ" አለችኝ።

አንዷ ይህች ናት፤ የዚያን ሌሊት ጠብ ያለ ዝናብ አልነበረም። ጠዋት ሙቱማ ወደ ወንዙ ዳር ወረደና ድንኳኖቹ የነበሩበት ቦታ ላይ ዘርፈጥ ብሎ ተቀመጠ። ተመልሶ መጥቶ በሁላችን ፊት ዞረና ለጋትዊሪ የሱሪውን መቀመጫ አሳያት። ደረቅ ነበር።