በወረቀት የተነገረ መርዶ

ቅዳሜ፣ ኅዳር አሥራ ስምንት ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ። አክስቴ የወንድሟን መርዶ አነበበች።

አነበበች ያልኩት አውቄ ነው። መርዶ ይነገራል እንጂ አይጻፍም። አክስቴ ግን መስማት ካቆመች ቆይታለች። ከሰሜን በመምህርነት ተመድባ መጥታ፣ ጡረታ ስትወጣ እዚሁ የቀረች ሴት ናት። ስልክ ለእሷ የሚንቀጠቀጥ ዕቃ ነው። ደሴ ከሚኖረው ታናሽ ወንድሟ ጋር የሚገናኙት በደብዳቤ ነበር። የእሷን ደብዳቤ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሾፌር ይወስድላታል፤ መናኸሪያ ላይ ለደሴው ሾፌር ያቀብለዋል። ከአያቴ ልጆች የቀሩት ሁለቱ ነበሩ።

መስከረም ላይ አጎቴ፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ እንደከበደው ጽፎ፣ «መጥቼ ካንቺ ጋር ልኑር ወይ?» ብሎ ጠየቃት። ወዲያው አልመለሰችለትም። መጀመሪያ የጓሮውን ክፍል ማስቀባት ፈለገች። ቀለም ቀቢው ኩልፎ ወንዝ ዳር ላለው የሙዝ ማሳው የመስኖ ውሃ ተራ ደርሶት ቀረባት። መጥቶ ሲቀባ ደግሞ ነጩን ቀለም አልወደደችውም። «ሆስፒታል የተኛ ይመስለዋል» ብላ አስለወጠችው። «ና፣ ክፍልህ ደርቋል» ብላ የጻፈችው ከዚያ በኋላ ነው።

አጎቴ ማክሰኞ ሞተ፣ ረቡዕ ተቀበረ። የደወለልኝ ልጁ ነው። ዓርብ ከሐዋሳ መጥቼ አክስቴ ሳታየኝ የእድሯ ዳኛ ቤት አደርኩ።

ሲነጋጋ ከዳኛውና ከሦስት የሰፈር ሴቶች ጋር አምስት ሆነን በሯ ላይ ቆምን። ለጸሎት ስትነሳ በሩን የመክፈት ልማድ አላት። ከፈተችና አየችን።

«ምነው በጠዋቱ? ሌባ ያዛችሁ?» አለች ጮክ ብላ። መስማት ካቆመች ወዲህ የምትናገረው እንዲህ ነው።

ሁሉም መሬት መሬት አዩ። እኔን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ።

«ማን ነው?» አለች።

ዳኛው ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ እሷ ባትሰማም በሹክሹክታ፣ «ጻፍላት» አሉኝ።

«እርስዎ አይሻሉም? ዳኛው እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ድንኳን ነው የማስተክለው። የሰው ሞት መጻፍ ያንተ ሥራ አይደለም እንዴ?»

ሥራዬ ነው፤ ጋዜጠኛ ነኝ። የማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ፣ «እትዬ፣ ወንድምሽ ማክሰኞ ጠዋት ደሴ ላይ አረፈ። ረቡዕ ተቀበረ» ብዬ ጻፍኩ። እንደማንኛውም ዜና፣ ከመስጠቴ በፊት አንድ ጊዜ አነበብኩት።

መነጽሯን አስመጣች። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ሴቶቹ ጮኹ፤ እሷ አላለቀሰችም። ወረቀቱን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችና ወደ እኔ ዞረች።

«ደብዳቤዬ ደርሶታል?»

ደሴ ወዳለው የአጎቴ ልጅ ደወልኩ።

«ደርሶታል በላት» አለኝ። «ምን ይጎዳል? እሱ እንደሆነ ሞቷል።»

«መቼ ነው የደረሰው?»

ቀኑን ነገረኝ። ቀጥዬ ለደሴው ሾፌር ደወልኩ። እሱም ያንኑ አለ።

አክስቴ ስልኩን ሳይሆን አፌን ነበር የምታየው። እጇን ዘረጋች።

«ጻፍ እንጂ! ምን ይገትርሃል?»

ዳኛው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። «ደብዳቤሽ ትናንት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ደርሷል» ብዬ ጻፍኩና ሰጠኋት።

አነበበችው። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ የመጀመሪያውን ወረቀት ከመቀነቷ አወጣች፤ ዘረጋችውና ሁለቱን ጎን ለጎን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻቸው።